ሲርካ የምታነበው መንገድ

«ጠያቂ ከመንገድ አይወጣም» የሚል የቆየ አባባል በአገራችን አለ። ሁሉም ያውቀዋል፤ የሚፈጽመው ግን ጥቂት ነው። በያምሳ ሐይቆች ዙሪያ የሚኖር ሰው ጎረቤቱ እያነከሰ ሲያልፍ ቢያየው «ምን ሆንክ?» አይለውም። መናገር የፈለገ ራሱ ይናገራል፤ ካልተናገረም ዝምታው የግል ንብረቱ ነው፤ አጥሩን ጥሶ መግባት ነውር ነው። ልጆቻችንን አባባሉን እናስተምራቸዋለን፣ ከዚያም ጥያቄ ሲያበዙ ዝም እናሰኛቸዋለን።

ኦይቫ ሂየታላና ሚስቱ ሲርካ በዚህ ሥርዓት ያደጉና ያረጁ ናቸው። ቤታቸው በጫካ መሐል የሚጠማዘዘው የፒስታ መንገድ ሐይቁ ላይ ሲደርስ የሚያልቅበት ቦታ ነው። አውቶቡስ ወደዚያ አይሄድም። መኪና የሌለው ሰው እዚያ ሊኖር አይችልም፤ የሂየታላዎችም አሮጌ መኪና ወለሏ በዝገት ተበልቶ በመስከረም ዓመታዊውን ምርመራ ወደቀች።

ኦይቫ በወጣትነቱ የራሊ የመኪና ውድድር ተወዳዳሪ ነበር። ሲርካ የእርሱ አንባቢ ነበረች። በራሊ ነጂው ከጉብታው ማዶ ያለውን አያውቅም፤ አጠገቡ የተቀመጠው አንባቢ የሚመጣውን መታጠፊያ አስቀድሞ ይነግረዋል። ቁጥሩ ሲያንስ መታጠፊያው ይጠብባል፤ «ግራ አንድ» ከተባለ መኪናዋ ወደ መጣችበት ልትዞር ምንም አይቀራትም፤ «ግራ ስድስት» ከተባለ ግን እግርን ከነዳጅ መስጫው ማንሳት አያስፈልግም። ሲርካ ከጋብቻቸው በፊትም በኋላም አነበበችለት። መንጃ ፈቃድ ግን አውጥታ አታውቅም። «አንድ መኪና ሁለት ነጂ ምን ያደርግለታል?» ትል ነበር።

በጥቅምት አጋማሽ ልጃቸው ኪርሲ ስልክ ደወለችልኝ። ኪርሲ በዩቫስኪላ ከተማ ትኖራለች፤ በትምህርት ቤት ተማሪዬ ነበረች። ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ በወረዳችን ጋዜጣ የቅዳሜ ዓምድ ላይ ስለ መኪናዎች እጽፋለሁ፤ ስልኩም በዚሁ ምክንያት ነበር።

«መምህር፣ አባዬ የውድድር መኪና ሊገዛ ነው» አለችኝ።

«የትኛውን?»

«ያችን ትንሿን፣ ከጃፓን የምትመጣውን። በሯ ሁለት፣ ኋላዋ ደግሞ እንደ ሣጥን ክዳን ብድግ የሚል። ጉልበቷ እንደ ጭነት መኪና ነው አሉኝ።»

«ጉልበቷን ለአራቱም ጎማ የምታካፍል መኪና ናት። ለእናንተ መንገድ መጥፎ ሐሳብ አይደለም።»

«ሰባ ሊሞላው እኮ ነው! እማዬ በዚያ በር ጎንበስ ብላ ስትገባ አስቡት። እኔ በሠፈሬ አጠገቤ ያለውን ባዶ ቤት አይቼላቸዋለሁ፤ ሱቁ በእግር፣ ጤና ጣቢያው በእግር። እሱ ግን እርስዎን ብቻ ነው የሚሰማው። የመኪናው ነጋዴ ለጋዜጣው ብሎ ለሳምንት ያውስዎት። ለዕለት ኑሮ ትሆናለች ካሉ አፌን እዘጋለሁ። አትሆንም ካሉ በረዶው ሳይወርድ ወደ ከተማ ይመጣሉ። አባዬም በዚህ ተስማምቷል።»

በዚህ መንገድ ሁለት ሰዎች በቤታቸው መቆየት አለመቆየታቸው በአንድ የመኪና ግምገማ ላይ ተንጠለጠለ።

መኪናዋ ነጭ ነበረች። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ብቻዬን ነዳኋት፤ ግምገማዬም እንደ ልማዴ ጉድለቷን ከማየት ተጀመረ። ፍሪሲዮኗ ለግራ እግር ይከብዳል። በከተማ ውስጥ መብራት እየጠበቁ ሲጓዙባት ትዕግሥት የላትም፤ ሞተሯ ያጉረመርማል፤ ትንሽ ሲነኳት ትፈተለካለች። የኋላ መስኮቷ ጠባብ ነው፤ ወደ ኋላ ስትሄድ በእምነት ነው። የዕቃ መጫኛዋ አንድ ጆንያ ድንች ይይዛል፣ ከድንቹ በላይ አንድ ቅርጫት፣ ከዚያ በኋላ ክዳኑ አይገጥምም። ሞላዎቿ ደረቅ ስለሆኑ በመንገዱ ላይ ያለች ጠጠር ሁሉ ለወገብ ትነገራለች። ቤንዚን ትወዳለች።

በሌላ በኩል ደግሞ ዝናብ ባለሰለሰው ፒስታ ላይ ጭቃው ሲያንሸራትታት ኋላዋ ወደ ዳር መሄድ ይጀምራል፣ ወዲያው የፊቱ ጎማ ይስባትና ትስተካከላለች። መሪዋ ሐቀኛ ነው። ፍሬኗ ሲረገጥ ትቆማለች፤ የትም አትዞርም። አራቱንም ጎማ የሚገፋ ኃይል በበረዶ ወራት ቅንጦት አይደለም፤ ከሂየታላዎች ቤት የሚያስወጣው ዳገት በጥር ብዙ መኪና መልሷል።

ሐሙስ ዕለት ወደ ሂየታላዎች ሄድኩ። ግምገማው ለእነርሱ ስለሆነ በእነርሱ ሥራ ላይ ማየት ነበረብኝ። ኦይቫ ግቢው ውስጥ ቆሞ ጠበቀኝ። ሲያወራ ዓይኑን ከፊቴ ትንሽ ፈንጠር አድርጎ ወደ ጆሮዬ ነው የሚያየው። እዚህ አካባቢ ፊት ለፊት እያየ የሚያወራ ሰው ቢኖር ይደንቀን ነበር እንጂ ይህ ምንም አይደንቅም።

«ምን አገኘህባት?» አለኝ የመኪናዋን ኮፈን በመዳፉ እየዳበሰ።

«ደረቅ ናት። ወገብ ታደክማለች። ለስለስ ያለች፣ ከፍ ያለች መኪና ለእናንተ አትሻልም?»

«ለስላሳ መኪና ውሸታም ነው» አለ። «ጉድጓዱን ይደብቅሃል፣ ጠጠሩን ይደብቅሃል። መንገዱ ያለቀበትን እንኳ አይነግርህም። ይቺ ግን ሁሉን በመሪውና በመቀመጫው ትነግርሃለች። እኔ የምትናገር መኪና ነው የምፈልገው።»

ንግግሩን የቀድሞ ተወዳዳሪ ትምክህት አድርጌ ወሰድኩት።

ሲርካ ከቤት ወጥታ የቀኙን በር ከፈተች። መቀመጫውን ወደ ፊት አጥፋ ወደ ኋላው ጠባብ ጉድጓድ አመለከተችኝ።

«ግባ፣ መምህር።»

«ሲርካ፣ ጉልበቴ እዚያ ውስጥ አይታጠፍም። አንቺ አጠር ትያለሽ፣ ከኋላ ብትሆኚ...»

«ጉልበትህ ይታጠፋል፤ ካልታጠፈም መኪናዋ ታጥፈዋለች። የፊቱ ወንበር የእኔ ነው። በጋብቻ ነው ያገኘሁት።»

«እኔስ ምን አገኘሁ?» አለ ኦይቫ።

«እኔን። ንዳ።»

ገባሁ። የኋላው ወንበር አንድ ሰው ቅጣት እንዲፈጽምበት የተሠራ ይመስላል፤ ይህንንም በግምገማዬ ውስጥ ለመጻፍ አሰብኩ። ኦይቫ ሞተሩን አስነሣ። ከግቢው ገና ከመውጣታችን ሲርካ በማይቸኩልና በማይቀዘቅዝ ድምፅ ማንበብ ጀመረች። በእጇ ምንም ወረቀት አልነበረም።

«ቀኝ አምስት፣ ረጅም። ጉብታ፣ ቀጥ በል። ከጉብታው ማዶ ግራ ሦስት፣ ይጠብባል፤ ጥጉን አትንካ፣ ድንጋይ አለ። ድልድይ፣ ጠባብ። ቀኝ አራት።»

ፍጥነታቸው ከሕግ አያልፍም ነበር። ኦይቫ እንደ ነገረችው ይታጠፋል፣ እንደ ነገረችው ይቀንሳል፤ እጁ በመሪው ላይ ዕረፍት ያለው እጅ ነበር። ሂየታላዎች ወደ ሱቅ ሲሄዱ እንኳ ሲርካ እንደምታነብ መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ የድሮ ዘመናቸው ማስታወሻ የሆነ የሽማግሌዎች ጨዋታ አድርገን ነበር የምናየው። ደስ ይለንም ነበር። ከእኛ መካከል ለምን እንደምታነብ የጠየቀ አልነበረም።

ሱቁ ደጃፍ ስንደርስ ባለሱቁ ኤይናሪ በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

«ዛሬስ ማንን ቀደማችሁ?»

«ያንተን እርጎ» አለች ሲርካ። «ቀኑ ሳያልፍ ደረስን።»

«ከኋላ የታሰረው ማነው? መምህሩ ነው? አቤት፣ ምን አጥፍቶ ነው?»

«ብዙ ይጠይቃል» አለች። ይህ እኔን በተመለከተ እውነት አልነበረም።

ውስጥ ገብተን ኦይቫ ከመደርደሪያው አንድ የታሸገ ምግብ ቆርቆሮ አነሣ። ሐሙስ ስለሆነ እንደ አገራችን ልማድ የአተር ሾርባ ሊገዙ ነበር። ሲርካ ከእጁ ወስዳ መለሰችው።

«የያዝከው ዓሣ ነው። አተሩ ከጎኑ ነው።»

«አውቃለሁ። ክብደቱን እየመዘንኩ ነው።»

«ዛሬ ዓሣው ከበደ?»

«ቀለለ» አለና ሣቀ። እርሷም ሣቀች። እኔም የገዙትን የድንች ጆንያ ወደ መኪናዋ ወስጄ ክዳኑ ይገጥም እንደሆነ ሞከርኩ። ገጠመ።

ቅዳሜው የቅዱሳን ሁሉ ቀን ነበር። በዚያ ቀን የሞተበት ሰው ሁሉ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሄዶ በመቃብር ላይ ሻማ ያበራል፤ የሳምንቱም የመጨረሻ ጉዞ ይኸው ሆነ። ኪርሲ ከከተማ መጥታ እዚያ ልትጠብቀን፣ ፍርዴንም እዚያው ልትሰማ ተቀጣጥረን ነበር። ከቤታቸው ስንነሣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገና ማለፉ ቢሆንም በዚህ ወቅት ሰማዩ ያን ጊዜ መጥቆር ይጀምራል። ጠዋት ዘንቦ ነበር። የሻማው ካርቶን ጭኔ ላይ ነበር።

በልቤ ፍርዱን ጨርሼ ነበር። ትሆናለች ልል ነበር። ወገብ ብታደክምም፣ ኋላዋ ቢጠብብም፣ ለዚህ መንገድና ለእነዚህ ሁለት ሰዎች ትሆናለች፤ ሌላ ሦስተኛ ሰው አዘውትሮ ካልተሳፈረ። እስካሁን የሚያማርረው ጉልበቴ ብቻ ነበር፤ እርሱም ሊረሳ ይገባል ብዬ ነበር።

«ግራ አራት» አለች ሲርካ። «ቀጥ፣ አጭር። ከዚያ ቀኝ ሦስት።» ከዚያም ወደ እኔ ዞር አለች። «መምህር፣ ክብሪት ይዘሃል?»

ኪሴን ስዳብስ በሁለቱ መቀመጫዎች መካከል ወደ ፊት አየሁ። ቀኝ ሦስቱን ጨርሰን ወጥተናል። ከፊታችን፣ የመንገዱን ግማሽ ይዞ፣ ግንድ የተጫነበት አንድ ተጎታች ቆሟል። ጭነት መኪናው ሌላውን ተጎታች ለማድረስ ሄዶ ይህን ለጊዜው ትቶት ነበር። የግንዶቹ የተቆረጡ ጫፎች በመብራታችን ነጭ ሆነው ይታዩ ነበር፤ ትልቅነቱ እንደ ጎተራ ነው። አየሁት፣ ምንም አላልኩም። መሪውን የያዘ ሰው ያየውን ነገር መንገር ስድብ ነው፤ ኦይቫም እንደሚያየው አልተጠራጠርኩም። ፍሬን እስኪረግጥ ጠበቅሁ። እጁ ግን በመሪው ላይ እንዳረፈ ነበር።

ሲርካ ፊቷን መለሰች።

«ቁም!»

ቃሉ ከአፏ ከመውጣቱ እግሩ ወርዷል። አራቱም ጎማ መሬቱን ነከሰ። ካርቶኑ ከጭኔ ተወርውሮ ሻማዎቹ ወለሉ ላይ ተበተኑ። መኪናዋ በእርጥቡ ጠጠር ላይ ሳትዞር፣ ሳትንሸራተት፣ ቀጥ ብላ ቆመች። ከኮፈኗ እስከ ግንዶቹ ጫፍ አንድ ክንድ ያህል ቀርቶ ነበር።

ሞተሩ ይሠራል። የዝናብ መጥረጊያው አንድ ጊዜ ሄዶ ተመለሰ።

«ኦይቫ» አለች ሲርካ። «ከፊታችን ያለው ምንድነው?»

ኦይቫ የዝናብ መጥረጊያውን አጠፋ።

«እየጠየቅሁህ ነው።»

«አንቺ የምትነግሪኝ ነዋ» አለ ቀስ ብሎ።

ኦይቫ ሞተሩን አጠፋ። በሩን ከፍቶ ወጣ፤ በመዳፉ እየፈለገ ወደ ግንዶቹ ሄደና የአንዱን ጫፍ ዳበሰ፣ አሸተተውም።

«ጥድ ነው» አለ። «ዛሬ የተቆረጠ።»

ሲርካም ወረደች። እኔም ወንበሩን አጥፌ እንደምንም ወጣሁ። ሦስታችንም መንገዱ ላይ ቆምን።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችው።

«ካለፈው በፊት ከነበረው የበረዶ ወቅት። መሐሉ ነው የጠፋው፤ ዳር ዳሩ አለ። አንቺን ለማየት ጆሮሽን ማየት አለብኝ።» ወደ እርሷ ዞረ። «አንቺስ ማንበብ የጀመርሽው ከመቼ ነው?»

«የፖስታ ሣጥኑን ከገጨህበት ቀን።»

«ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«አንተስ ሚስቴ ወደ ሱቅ ስንሄድ ለምን ታነብልኛለች ብለህ ለምን አልጠየቅኸኝም?»

«ብጠይቅሽ ትነግሪኝ ነበር።»

«ብጠይቅህ ትነግረኝ ነበር» አለች።

«በመጋቢት ሰባ ይሞላኛል። ሐኪሙ ዓይኔን ሳያይ ፈቃዱ አይታደስም። እስከዚያ ብዬ ነበር። አሁን ባትጠይቂኝ እስከ መጋቢት እነዳ ነበር።»

«እስከ ግንዱ» አለች ሲርካ።

ኦይቫ ቁልፉን ወደ እኔ ዘረጋ፤ እጁ ከእጄ ትንሽ ራቅ ብሎ አየር ላይ ቆመ። ተቀበልኩት። እርሱ ወደ ኋላው ወንበር ገባ። ሲርካ «የእኔ ወንበር ነው» ብላ ከፊት ተቀመጠች፤ ሻማዎቹንም ከወለሉ እየለቀመች ወደ ካርቶኑ መለሰች። ተጎታቹን በዳር በኩል አልፌ ነዳሁ። ሲርካ አላነበበችም። ጥቂት ከሄድን በኋላ ከበስተኋላዬ፣ ለራሱ እንደሚያወራ ሰው፣ የኦይቫ ድምፅ መጣ።

«ግራ አምስት። ጉብታ። ማዶው ቀኝ ሁለት፣ ውኃ ያቁራል።»

«ተወው፣ እያየ እኮ ነው» አለችው።

«ይስማ። መስማት አይጎዳውም።»

ቀኝ ሁለቱ ላይ ውኃ አቁሮ ነበር።

በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሻማዎች በየመቃብሩ በርተው ነበር። ኪርሲ በአያቶቿ ድንጋይ አጠገብ ቆማ ጠበቀችን። ከነጯ መኪና እኔ ከነጂው ወንበር፣ አባቷ ከኋላ ስንወጣ አየች፤ እርሷም የአካባቢያችን ልጅ ናትና ስለዚህ ምንም አላለችም።

«እሺ፣ መምህር፣ ትሆናለች ወይስ አትሆንም?»

«መኪናዋ ትሆናለች» አልኳት። «ፍሪሲዮኗ ይከብዳል፣ የዕቃ መጫኛዋ ትንሽ ነው፣ ከኋላ ጤነኛ ሰው መቀመጥ የለበትም። በእርጥብ ፒስታ ላይ አቋቋሟን ዛሬ አይቻለሁ፤ የተሻለ አላየሁም። የጠየቅሽኝ ስለ መኪናዋ ነበር። የቀረውን ከእናትሽ ስሚ።»

ሲርካ በጥቂት ቃላት ነገረቻት። ኪርሲ ክብሪት ጫረች፤ ጠፋባት። ሌላ ጫረች፤ እርሱም ጠፋ። አባቷ ክብሪቱን ከእጇ ተቀብሎ፣ ዓይኑን ወደ ዛፎቹ አድርጎ፣ በጣቱ ክሩን እየዳሰሰ ሻማውን አበራ።

«እንግዲያው ወደ ከተማ ትመጣላችሁ» አለች ኪርሲ።

«ለበረዶው ወራት እንመጣለን» አለች ሲርካ። ከዚያም ወደ እኔ ዞረች። «መምህር፣ ልጠይቅህ። ያ ፍሪሲዮን ለእኔ እግር ይከብዳል?»

«ይከብዳል። ግን ይለመዳል።»

ኦይቫ ራሱን ቀና አደረገ። «አንቺ ሴትዮ፣ ስልሳ ስድስት ዓመትሽ ነው።»

«ሰባ እስኪሞላኝ አራት ዓመት አለኝ። አንተ የምትገዛት ለአምስት ወር ነበር።»

«እማዬ፣ መንዳት አታውቂም እኮ!» አለች ኪርሲ።

«መንገዱን አውቃለሁ። የቀረኝ መኪናው ነው።»

ኦይቫ ወደ ሚስቱ ጆሮ አቅጣጫ ለረጅም ጊዜ አየ። «ትጮህብሻለች» አለ። «ማርሽ ስትቀይሪ አትዘግዪባት። ዝግ ስትዪባት ትንቅሻለች።»

«ካንተ ጋር ኖሬያለሁ፣ ኦይቫ።»

ግምገማዬ በሚቀጥለው ቅዳሜ ጋዜጣው ላይ ወጣ። ስለ ሞላዎቿ፣ ስለ ፍሬኗ፣ ስለ ኋላው ወንበር ጻፍኩ፤ ለዕለት ኑሮ እንደምትሆንም። ስለ ግንዱ አልጻፍኩም።

ሂየታላዎች የበረዶውን ወራት በኪርሲ ሠፈር አሳለፉ፤ የሐይቁ ቤት በቧንቧው ውስጥ በረዶ እንዳይሠራ ውኃው ተደፍቶ ተዘጋ። ኦይቫ በመጋቢት መንጃ ፈቃዱን መለሰ። ሲርካ የመጀመሪያውን የመንዳት ፈተና ወደቀች፤ ፈታኙ የሰጠው ምክንያት ከኋላ የሚመጣውን በመስታወት አታይም የሚል ነበር። በግንቦት ሁለተኛውን አለፈች። በሰኔ መጀመሪያ የገዟትን ነጯን መኪና እየነዳች ወደ ሐይቁ ቤት ተመለሰች። ኦይቫ በቀኙ፣ በአንባቢው ወንበር ተቀምጦ ነበር።